በሽተኛዋ ቆሎ ይቆረጥማሉ

ጥርስ አሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ አሁን የማወራው ይገባችኋል። አሟችሁ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ አትቸኩሉ፣ ይደርሳችኋል። በጃንሆይ ጊዜ ጂማ አቅራቢያ ባለችው የቡ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አንድ ማለዳ አንዲት የመንጋጋ ጥርሴ አመፀችብኝ። ቅርንፉድ ያዝባት አሉኝ፣ ያዝኩባት። በአረቄ ተጉመጥመጥ አሉኝ፣ ተጉመጠመጥኩና ሳላስበው ዋጥኩት። ነጭ ሽንኩርት ጆሮህ ውስጥ ክተት ያለኝም ሰው ነበር፤ ከተትኩ። ጥርሴ እንደነበረች ሆና ጆሮዬ ተጨመረልኝ። ጉንጬ አብጦ አንዱ ዓይኔ ሊዘጋ ሲደርስ፣ ጂማ ሆስፒታል ሄጄ ላስነቅላት ቆረጥኩ።

ወራቱ የቡና ለቀማ ነው። በዚያ ወራት የቡ ላይ መኪና የሚገኘው ለቡና እንጂ ለሰው አልነበረም። ጆንያው ተደላድሎ ይሳፈራል፣ ባለጆንያው በእግሩ ይከተላል። እኔም ጉንጬን በሚስቴ ሻሽ ጠምጥሜ፣ ዱላዬን ይዤ፣ መንገዱን በእግሬ ተያያዝኩት። በሻሹ የተነሳ የሚያገኘኝ ሁሉ ከሩቅ "እንዴት አደርሽ?" ይለኛል። መልስ ለመስጠት አፍ መክፈት ስለሚያስፈልግ ዝም ብዬ አልፋለሁ። የቡ ውስጥ ኩሩ ሴት ተብዬ የታማሁት ያን ቀን ነው።

ከከተማው እንደወጣሁ ከኋላዬ የእግር ኮቴና ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ቃሬዛ ነው። የአገሩን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ቃሬዛ ያገኘ ሰው ዘመድ ነኝ አይደለሁም ማለት የለበትም። በቅሎ ላይ ቢሆን ይወርዳል፣ ሸክም ቢኖረው ያወርዳል፣ ትከሻውን ያስገባና ሌላ መንገደኛ እስኪለውጠው ይሸከማል። እስላም ክርስቲያን አይባልም። እንዲህ እየተቀባበለ በሽተኛውን ሐኪም ደጅ ያደርሰዋል። ታዲያ እንደኔ በእግሩ የሚሄድ በሽተኛ ሲኖር ምን እንደሚደረግ ደንቡ አይናገርም።

ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ጎረቤቴ ነስሩ ነው። ጎልማሳ ሰው፣ የቡና ባለቤት፣ ዓይኑ በእንባ ቀልቷል።

"ማናቸው?" አልኩት በተከፈተልኝ የአፌ ጠርዝ።

"እናቴ ናት! ሲነጋ ልሳኗ ተዘጋ፣ ማሎ ድረስልኝ!" አለኝ። ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፤ ማሎ የተባለ ሰው ደግሞ እንቢ አይልም።

እናቱ አኮ ዘይነባ ናቸው። አኮ አያቴ እንደማለት ነው፤ እኛም የመንደሩ ሰዎች ሁሉ እንደዚያ ነው የምንጠራቸው። ደነገጥኩ። ትናንትና እኮ ዶሮዬ አጥራቸውን ዘልላ ገብታ፣ እኔን ከነዶሮዬ፣ ዶሮዋን ከነእናቷ ሲሰድቡ ነው ያመሹት። እንግዲህ ቢከፋም የመጨረሻ ስድባቸው ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ቁመቴን አይተው በራስጌ በኩል አስገቡኝ። እስከ ዋርካው ድረስ ብቻ ይዤ እለቃለሁ ብዬ ነው የገባሁት።

ትንሽ እንደሄድን ከጆሮዬ ስር "ቀርጨም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥርሴ የተሰበረች መሰለኝ። በምላሴ ብፈልጋት አለች፣ እንዲያውም ነካኸኝ ብላ ታመኝ ጀመር። ደግሞ "ቀርጨም፣ ቀርጨም" አለ። ቀስ ብዬ አንገቴን አዞርኩ። የጋቢው ጫፍ ገለጥ ብሏል። ከውስጥ አንድ ንቁ ዓይን ያየኛል። ከዓይኑ በታች አንድ ጤነኛ መንጋጋ ወዲያና ወዲህ ይላል። የሚቆረጠመው ሽምብራ ቆሎ ነው!

እናንተዬ፣ ክው አልኩ! እኔ በሠላሳ ዓመቴ ፍትፍት አላልፍ ብሎኝ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያሉት አሮጊት ሽምብራ ይፈጫሉ።

"ልብስ ሰፊው ነህ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ አኮ። እርስዎ እኮ ልሳንዎ..."

"ዝም በል። ፊትህን ወደ መንገዱ አድርግ። ምንም አላመመኝም።"

"እንዴት ምንም?"

"ዳሌዬ እንደሆነ እሱ የቆየ ነው፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም። ውድነሽን ላያት ነው የምሄደው።"

እማማ ውድነሽን የቡ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ባላቸውን ተከትለው ከሰሜን የመጡ፣ በርበሬና ጨው የሚቸረችሩ ክርስቲያን ሴት ነበሩ። ከአኮ ዘይነባ ጋር አንድ አጥር ለሁለት ተካፍለው፣ በዚያው አጥር ላይ እየተሰዳደቡና እሳት እየተበዳደሩ አብረው አረጁ። እማማ ውድነሽ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ጂማ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር ለሾፌሮች ምግብ ቤት የከፈተችው ልጃቸው አስካለ መጥታ ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። አኮ ዘይነባ ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ በበቅሎ አይቀመጡ፣ በእግራቸው አይሄዱ።

"ነስሩን ውሰደኝ ብዬ ለመንኩት" አሉኝ ቆሎውን ዋጥ አድርገው። "ለቀማው ይለፍ አለኝ። ለቀማው አለፈ፤ ዝናቡ ይለፍ አለኝ። ዝናቡ አለፈ፤ ደግሞ ለቀማ መጣ። 'ሐርሜ፣ እናቴ፣ ከታመምሽማ እስከ ዓለም ዳር እሸከምሻለሁ፤ ደህና ሆነሽ ሳለ ምን ብዬ ሰው ላስቸግር?' አለኝ። እኔም ታመምኩለት።"

"ቢታወቅብዎትስ?"

"ነስሩ ከሰማ እዚሁ ያዞረኛል። ከዛሬ በኋላ ደግሞ እውነት ቢያመኝም የሚያነሳኝ አይገኝም። ውድነሽን ሳላያት ልቀር ነው። አፍህን ያዝ!"

አፌንማ ከታሰርኩበት ሻሽ በላይ ማን ይይዘዋል! እያሰብኩ ዋርካው ደረስን። ከጥላው ስር የነበሩ ሰዎች ሊቀበሉን ብድግ አሉ። ተመስገን ብዬ ትከሻዬን ላወጣ ስል፣ ከጋቢው ውስጥ ድንጋይ የሚያሳዝን ድምፅ ወጣ።

"ይሄ... ይሄኛው ልጅ... ትከሻው... ይመቸኛል..."

"ተናገረች!" ብሎ ነስሩ ጮኸ። "ልሳኗ ተፈታ! በአንተ ትከሻ ልሳኗ ተፈታ!" ብሎ ትከሻዬን ይስመው ጀመር። የቆሙት ሁሉ "አላሁ አክበር" አሉ። እንግዲህ ሌላው በየመንደሩ ይለወጣል፣ ያርፋል፣ ውሃ ይጠጣል፤ እኔ ግን የቃሬዛው እንጨት ሆኜ ቀረሁ። ሊለውጠኝ የመጣ ሰው ካለ ነስሩ ራሱ "እሱን አትንኩት፣ መድኃኒቷ ነው" እያለ ይመልሰዋል።

የሚቀጥለው መንደር ስንደርስ የባሰ ጉድ ጠበቀን። አባ ጣሃ የሚባሉ፣ በሽታን ሁሉ በጋለ ብረት የሚተኩሱ ሰው እዚያ ይኖራሉ። ወሬው ቀድሞን ስለሄደ ማጭዳቸውን እሳት ውስጥ ከትተው ነበር የጠበቁን።

"የልሳን መዘጋት በብረት ነው የሚለቀው" አሉ። "ማጅራቷ ላይ አንዴ፣ እግሯ ስር አንዴ።"

ነስሩ ጭንቅ ይዞታልና እሺ አለ። አኮ ዘይነባ በጋቢው ስር ኮሌታዬን ጨምድደው ያዙኝ። ጉዱ ሊፈላ ነው! ብትተኮስ ትጮሃለች፣ ብትጮህ ትሳደባለች፣ ስትሳደብ ደግሞ አንድ ነገር እንዳልነካት አገር ያውቃል። በድንጋጤ አንቱታውን እንኳ ረሳሁት።

"አይሆንም!" አልኩ። "የተተኮሰ ሰው ሆስፒታል አይቀበሉም! ሐኪሞቹ ይቆጣሉ!"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባ ጣሃ ማጭዱን አዩት፣ ቀልቶ እንደ በርበሬ ሆኗል። በሽተኛዋን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

"ብረቱ ግን ግሏል" አሉ እያዘኑ። "ያንተስ ጉንጭ ምን ሆኖ ነው?"

"የኔ ምንም አልሆነም!"

"ኧረ ሆኗል። ያዙልኝ እስቲ።"

ያዙኝ! ክንዴን የያዙት ከኔው ጋር ሲሸከሙ የመጡት ሰዎች ናቸው፤ አዝነውልኝ እኮ ነው። አንዱ "ቶሎ ነው የሚያልፈው" ይለኛል። ሌላው ሻሼን ይፈታል። አባ ጣሃ ቢስሚላሂ ብለው ብረቱን አንስተው መጡ። ወላፈኑ ጢሜን ሲነካው ይሰማኛል። ልክ በዚህ ሰዓት መሬት ላይ ያለው ቃሬዛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋቢው ይርገበገባል፣ እንጨቱ ይንቋቋል። ነስሩ አይቶ "አንዘፈዘፋት! ልትሞትብኝ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ምን አንዘፈዘፋቸው፣ በኔ እየሳቁ ነው እንጂ! ይሁን፣ ሳቃቸው አዳነኝ። ሰዉ ለቀቀኝና ቃሬዛውን አንስቶ ሮጠ። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሮጥኩ። አባ ጣሃ ብረቱን እንደያዙ ትንሽ ተከተሉን፤ በማን ጉንጭ ላይ እንደቀዘቀዘላቸው ግን እስከዛሬ አላውቅም።

ስንሮጥ ቡና የጫነ ትሬንታ ኳትሮ መኪና ከኋላችን ደርሶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ማን እንደታመመ ጠየቀ።

"አኮ ዘይነባ ናቸው፣ የየቡዋ" አለው ነስሩ እያለከለከ። "ልትሞትብኝ ነው!"

"ዘይነባ? ከአስካለ እናት ጋር ጎረቤት የነበሩት? ሁልጊዜ እኮ ስለሳቸው ይጠይቁኛል" አለና ራሱን ነቀነቀ። "እዚህ ጋቢና አንድ ሰው ይገባል። ጠጋ አድርገን እናስገባቸው፣ ሆስፒታል በር ላይ አወርዳቸዋለሁ።"

ሆስፒታል ሲባል በሽተኛዬ አቃሰቱ። "መኪና... ይጨርሰኛል..." አሉ። ዳሌያቸው እንደማይታጠፍ ነስሩ ያውቃልና አላስገደዳቸውም። ሾፌሩ ወደኔ አየና ደነገጠ። "አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ እኮ የለም! ና ግባ፣ አንተን ላድርስህ!"

የሰው ልጅ እንዲህ ያለ መልካም ቃል ሰምቶ አያውቅም። ወንበሩን አየሁት። ስፖንጁ የወጣ፣ ሽቦው የተገለጠ፣ ለኔ ግን ዙፋን ነው። አንድ እግሬን አነሳሁ። ኮሌታዬ አልተነሳም፤ ከጋቢው የወጣ አንድ ቀጭን እጅ ይዞታል። "እሱ ከሄደ ልሳኗ ይዘጋል" አለ ነስሩ። ሾፌሩ አዘነልኝ፣ ማርሹን አስገብቶ ወሬያችንን ይዞ ወደ ጂማ ነጎደ።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማንን ብናገኝ ጥሩ ነው? በበቅሎ የሚሄዱ አንድ ግራዝማች። እኚህ ግራዝማች ሰላምታውን ዘግይቶ የሰጣቸውን ሰው የሚያሳስሩ ናቸው ይባላል። ደንብ ደንብ ነውና ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን ለአሽከር ሰጡ፣ ካፖርታቸው ላይ የቃሬዛውን እንጨት አሳረፉ። ከጎኔ ሲሸከሙ ላብ አጠመቀኝ። የእሳቸውን ላብ ማለቴ አይደለም፤ እሳቸው ጤነኛ አሮጊት ተሸክመው ካፖርታቸውን እያቆሸሹ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አኮ ዘይነባ አሁን ቆሎ እንዳይቆረጥሙ እንጂ፣ ጥርሴ እንዲያውም ለዘላለም ትመመኝ ብዬ ተሳልኩ።

ግራዝማች በሽተኛዋን ጎንበስ ብለው አዩዋቸውና "እናቴ፣ ምን ይፈልጋሉ?" አሏቸው።

"ምንም... ብቻ ጎረቤቴን፣ ውድነሽን... አይቻት ልሙት..."

የግራዝማች ዓይን እንባ አቀረረ። "ሰማችሁ? መጀመሪያ እዚያ ነው የምትወስዷት! ሆስፒታሉ ቀጥሎ ይደርሳል። ቃሌ ነው!" ብለው አዘዙ። አሮጊቷ በተኙበት ሆነው የመንግሥት ትእዛዝ አወጡ! ግራዝማች ተለውጠው በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ከጆሮዬ ስር "ቀርጨም" አለ።

እንዲህ እየሆንን የጂማ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከሩቅ ሲያብረቀርቁ ታዩን። አሁን ደረስን፣ እሳቸው ጓደኛቸውን ያያሉ፣ እኔም ጥርሴን እገላገላለሁ ስል፣ ከፊታችን ጩኸት ሰማን። ከከተማው በኩል ሌላ ቃሬዛ ወደኛ እየሮጠ ይመጣል። ወደ ሐኪም የሚሮጥ ቃሬዛ ብዙ አይቻለሁ፤ ከሐኪም ወደ ገጠር የሚሮጥ ቃሬዛ ግን ያን ቀን አየሁ። ተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ ሾፌሮች ናቸው። ከኋላ አንዲት ሴት ከነሽርጧ እያለቀሰች ትከተላለች። አስካለ ናት።

ሁለቱም ቃሬዛ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"እናቴ ናት" አለች አስካለ ነስሩን ስታየው። "ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ገብቶ የየቡዋ ዘይነባ ልትሞት ነው ብሎ አወራ። ጓዳ ሆና ሰማችው። የቡ ውሰዱኝ አለችና ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም፣ ዓይኗንም አልገለጠችም።"

እማማ ውድነሽን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ ለብሷል። ከንፈራቸው ደርቋል። ይሄ ውሸት አልነበረም። ስንሸከመው የዋልነው ወሬ ቀድሞን ደርሶ እኚህን ሴት ጥሏቸዋል። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ጉንጬ አላላውስ አለኝ።

መናገር አላስፈለገኝም። ጋቢው ተወረወረ። አኮ ዘይነባ ተነሱ! ሽምብራው ከጉያቸው እየተንጠባጠበ፣ በዚያ በተሰበረ ዳሌያቸው፣ በእጃቸውም በጉልበታቸውም እየተሳቡ ወደዚያኛው ቃሬዛ ሄዱ። ከሾፌሮቹ አንዱ አማተበ። ከኛ አንዱ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብሎ ወደ ኋላው ሮጠ።

"ውድነሽ! ተነሽ! አልሞትኩም!" አሉ የጓደኛቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው። "አላመመኝም! ዋሸሁ! ልጄንም ዋሸሁ፣ ግራዝማችንም ዋሸሁ፣ ይኸው ሰው ሁሉ ይስማኝ! አንቺን ልይሽ ብዬ ነው! ተነሽ እንጂ!"

ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ዓይን ቀስ ብሎ ተገለጠ።

"ዘይነባ?"

"አቤት።"

"ደህና ነሽ?"

"ወላሂ ደህና ነኝ።"

"ወላሂሽንማ አውቀዋለሁ" አሉ እማማ ውድነሽ በቀጭን ድምፅ። "ዶሮዬን የደበቅሽ ጊዜም ወላሂ ብለሽ ነበር።" ይሄን ብለው እጃቸውን አነሱና የጓደኛቸውን ጉንጭ ዳበሱት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ በጥርሴ አሳብቤ።

ከኛ ተሸካሚዎች አንዱ፣ ትከሻው የተላጠው፣ ቁጣው መጣ። "ቡናዬን ዛፍ ላይ ጥዬ ነው እኮ የመጣሁት! ለወሬ ነው እንዴ የተሸከምነው?" አለ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ነስሩ ግን እናቱን ብቻ ነበር የሚያየው።

"ሐርሜ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬህ ነበር፣ ልጄ" አሉት። ቁጣ የለበትም።

ነስሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። አስካለም ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ከሾፌሮቹ አንዱ ቀስ ብሎ "ምግብ ቤቱ በገባን ቁጥር ከየቡ የመጣ ሰው አለ ወይ ይሉን ነበር፤ ዕድሜ ነው ብለን እናልፋቸው ነበር" አለ። ሁለቱ አሮጊቶች ግን፣ እኛ የሌለን ይመስል፣ አጥሩን ማን እንደጠገነው፣ ዶሮዎቹ የት እንደሚያድሩ ይጠያየቃሉ።

በመጨረሻ ነስሩ ተነስቶ እናቱ አጠገብ ሄደ። "ወዴት ልውሰድሽ?"

"የቡ!" ብለው የመለሱት እማማ ውድነሽ ናቸው። "ሁለታችንንም የቡ ውሰዱን። እዚህ በሩ ተዘግቶብኝ ነው የምውለው።"

የቡ! የጂማ ጣሪያ ፊት ለፊታችን እያብረቀረቀ፣ ሆስፒታሉ ከዚያች ጉብታ ማዶ ሆኖ፣ ተመልሶ የቡ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አስካለ "እማዬ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ነስሩ እናቱን አቅፎ ቃሬዛው ላይ አስተኛና የፊቱን እንጨት ብቻውን ያዘ። የተቀረነው እንደቆምን ነን። አንዱ መሬት ያያል፣ አንዱ ጫማውን ያራግፋል፣ ባለተላጠ ትከሻው ፊቱን አዙሯል። ጤነኛ ሰው ተሸክሞ አያውቅም እኮ ማንም።

በዚህ መሃል አንድ መንገደኛ ከጂማ በኩል ሙዝ ተሸክሞ ደረሰ። ቃሬዛዎቹን ሲያይ እንደ ደንቡ ሸክሙን አወረደና ወደ ነስሩ ቀረበ።

"ምን አሟቸው ነው?"

ሰዉ ሁሉ ነስሩን አየው። ነስሩ እናቱን አየ፣ እማማ ውድነሽን አየ።

"ናፍቆት ነው" አለ።

መንገደኛው ራሱን ነቀነቀ። "አዪ! እሱማ ክፉ ነው" አለና ሙዙን ከመንገድ ዳር ገፍቶ ትከሻውን አስገባ።